የሬዚን ሄሊኮፕተር ሞዴል ብሌዱ ሲጎብጥ፣ ጅራቱ ሲጣመም፣ ክፍሉ ሲሰበር፦ ደረጃ በደረጃ ማስተካከያ

ይሄን የምጽፈው ሰው ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ሲበላሽበት ስላየሁ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሞዴል የምንሠራ ጥቂት ልጆች አለን፣ ከባሕር ዳርና ከእንጅባራም ፎቶ እየላኩ የሚጠይቁኝ አሉ፣ ጥያቄው ግን ሁሌም ያው ነው። ወይ "ብሌዱ (የሚሽከረከረው ክንፉ) ጎብጦ መጣ፣ በእጄ ላቃናው ስል ቀጭ አለ" ወይ "የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ ሲወጣ ጭራሽ ተጠማዞ አረፈው"። የሁለቱም ችግር አንድ ነው። ሬዚንን (ፈሳሽ ሆኖ የሚደርቅ ፕላስቲክ መሳይ ነገር) የሚያቃናው ሙቀት ነው እንጅ የእጅ ጉልበት አይደለም፣ ሙቀቱም ልክ አለው። ማሞቅ፣ ቅርጽ ማስያዝ፣ ቅርጹን እንደያዘ ማቀዝቀዝ። ከነዚህ አንዷን ከዘለላችሁ ወይ ይሰበራል ወይ ነገ ጠዋት ተመልሶ ጎብጦ ታገኙታላችሁ።

1. መጀመሪያ ሬዚን መሆኑን አረጋግጡ

አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት ዓይነት ነገር ሊኖር ይችላል፣ ሦስቱም ለሙቀት ያላቸው ጠባይ ለየቅል ነው።

በሻጋታ የፈሰሰ ሬዚን (ፖሊዩሬቴን)፦ ክፍሉ ጫፍ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ወፍራም ጉማጅ ተያይዞ ይመጣል፣ ሬዚኑ ሲፈስ የገባበት ቦታ ነው። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ክሬም ወይ ግራጫ ነው። ይሄ መመሪያ በዋናነት ለሱ ነው።

ተራ ፕላስቲክ (ፖሊስታይሪን)፦ ክፍሎቹ ከቀጭን የፕላስቲክ ፍሬም ጋር ተያይዘው ነው የሚመጡት። ይሄን ሙቅ ውሃ ውስጥ አትክተቱት። እንደ ሬዚን ወደ ቅርጹ አይመለስም፣ ከሞቀ ይኮማተራል ይበላሻል።

በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ሬዚን፦ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ጥቃቅን ደረጃ ደረጃ መስመር አለው፣ ድጋፍ የነበረበት ቦታም ነጠብጣብ ይታያል። እሱም በሙቅ ውሃ ይለዝባል፣ ግን ከፈሰሰው ይልቅ ቶሎ ይሰበራል፣ በተለይ ብርሃን በዝቶበት የደረቀ ከሆነ። ለሱ ውሃውን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ያዙ፣ ቀስ በቀስ በሁለት ሦስት ዙር አቃኑት።

መስታወት መሳዩን የኮክፒት (የአብራሪው ቦታ) ክፍል በምንም ዓይነት ሙቅ ውሃ አትንኩት። ቀጭን ስስ ፕላስቲክ ነው፣ አንዴ ከተበላሸ መመለሻ የለውም።

2. ዕቃውን ከመጀመራችሁ በፊት ደርድሩ

ይሄን ደረጃ ሰው ይንቀዋል። ብሌዱ ከሙቅ ውሃ ከወጣ በኋላ ለመሥራት ያላችሁ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነው፣ በዚያች ሰዓት ወረንጦ ፍለጋ ከሄዳችሁ አለቀ። የሚያስፈልጋችሁ፦

- ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት ሰፋፊ ሳህን (አንዱ ለሙቅ አንዱ ለቀዝቃዛ)፣ ካለ ቴርሞሜትር
- ከመስታወት ቤት የሚወድቅ ቁራጭ መስታወት፣ ሁለት ቢሆን ጥሩ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት እጅ ይቆርጣል
- ቀጭን ጣውላ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ላስቲክ፣ ስኮች
- ወረንጦ፣ ካተር፣ ቀጭን መጋዝ፣ የጥፍር ሞረድ
- የብርጭቆ ወረቀት 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር፣ መኪና ቀቢዎች በውሃ የሚጠቀሙበትን ጥቁሩን ግዙ
- ሱፐር ግሉ፣ ባለሁለት ቱቦ ኢፖክሲ፣ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም)፣ አሴቶን
- የጊታር ቀጭኑ የብረት ክር፣ የወረቀት አግራፍ፣ የመዳብ ሽቦ

ሁለት ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ፣ በነዚህ አልደራደርም። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ስለዚህ ስትሞርዱም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ ሁሌ በውሃ እያረጠባችሁ፣ ኤን 95 ማስክ አድርጋችሁ። የኮሮና ጊዜ ስሱ ሰማያዊ ማስክ ለዚህ አይሆንም። ሲያልቅ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጅ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ ብናኙ ይነሳል። ሁለተኛው፣ በሻማ፣ በላይተር፣ በከሰል ላይ በቀጥታ ወይም ማይክሮዌቭ ውስጥ ሬዚን አታሙቁ። ፖሊዩሬቴን ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው።

3. እጠቡ

ክፍሉ ከሻጋታው እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት ላዩ ላይ አለ። ለብ ባለ ውሃ፣ በላርጎ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ በራሱ ይድረቅ። ካልታጠበ ሱፐር ግሉም ቀለምም አይዘውም፣ ስኮች ስትነቅሉ ቀለሙ አብሮ ተነስቶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

4. የጥመቱን ዓይነት ለዩ

ሁለት ዓይነት ጥመት አለ፣ ልዩነቱን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

አንደኛው በመንገድ የመጣ ነው። ኪቱ (ያልተገጣጠመው የሞዴል ሳጥን) ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲላክ ጣሪያ ላይ ወይም ሞተሩ አጠገብ ተጭኖ የአባይን በረሃ ያቋርጣል፣ በዚያ ሙቀት ላይ ሌላ ዕቃ ተጭኖት ብሌዱ ይጎብጣል። የኔ የመጀመሪያው ኪት እንደዚያ ነው የደረሰኝ፣ አምስቱም ብሌድ እንደ ማጭድ ሆኖ። ይሄ ግን ቀላሉ ነው፣ ሬዚን መጀመሪያ የደረቀበትን ቅርጽ ያስታውሳል፣ ልክ ባለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ስታስገቡት ማንም ሳይነካው ራሱ ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል። ዓይናችሁ እያየ ሲቃና ደስ ይላል!

ሁለተኛው ከፋብሪካው የመጣ ነው። ገና በደንብ ሳይደርቅ ከሻጋታ ወጥቶ ጎብጦ የደረቀ። የሚያስታውሰው ቅርጽ ራሱ ጎባጣ ነው፣ ስለዚህ በውሃ ብቻ አይቃናም፣ እናንተ ቅርጽ አስይዛችሁ ማቀዝቀዝና ለብዙ ሰዓት አስሮ ማቆየት ይፈልጋል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ክፍሉን ለ30 ሰከንድ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ ሳትነኩት እዩት። ከተንቀሳቀሰ የመንገድ ነው። ንቅንቅ ካላለ የፋብሪካ ነው፣ ወይ ውሃው በቂ አልሞቀም።

ከዚያ በፊት ግን ወረቀት ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ክፍሉን ላዩ ላይ አስቀምጡ። ከላይ እዩት፣ ከጎን እዩት፣ ከጫፉ ደግሞ ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩበት። ወደ ላይ ጎብጧል? ወደ ጎን ነው? ወይስ እንደ ገመድ ተጠማዟል? ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ነው ያሉት፣ መጀመሪያ ጥምዛዜውን ፍቱ ከዚያ ጉብጠቱን።

ወፍራሙ ጉማጅ ብሌዱን ሙሉ ጎኑን ይዞት ከሆነ አስቀድማችሁ በመጋዝ ቁረጡት፣ እሱ ካለ አይታጠፍላችሁም። ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ተውት፣ ጥሩ እጀታ ነው።

5. ውሃውን አዘጋጁ

የምንፈልገው ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ነው። እዚህ ላይ እኛ ጎጃም ያለን ሰዎች አንድ ነገር እንወቅ፣ ውጭ አገር የተጻፈው መመሪያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ነው የሚያሰላው፣ እኛ ጋ ግን ከፍታ አለ። ደብረ ማርቆስ ወደ 2400 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባሕር ዳር ወደ 1800 ሜትር ስለሆነ 94 አካባቢ። ስለዚህ "ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ" የሚለውን ከተከተላችሁ ውሃው 55 ላይ ይቀርና ብሌዱ ምንም አይሆን፣ እናንተም ተናዳችሁ በጉልበት ትጫኑትና ይሰበራል። ብዙ ሰው የሰበረው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በዚህ ሂዱ፦ 2 ብርጭቆ የተንፈቀፈቀ ውሃ፣ 1 ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ። ደብረ ማርቆስ 67 አካባቢ ይወጣል፣ ባሕር ዳር 70። ሳህኑን አስቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አለቅልቁት፣ ቀዝቃዛ ሳህን ብዙ ዲግሪ ይሰርቃል። ለወፍራም ክፍል 3 በ1 አድርጉት። ሌላኛው ሳህን ላይ የቧንቧ ውሃ ሙሉ፣ በረዶ አያስፈልግም፣ የደብረ ማርቆስ የጠዋት ውሃ ይበቃል።

ከሰል ላይ የምታፈሉ ከሆነ ውጭ አፍሉት፣ በር ዘግታችሁ አይሆንም።

6. ብሌድ ማቃናት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ረጋ በሉ።

6.1. አንድ ብሌድ ብቻ ውሰዱ። አምስቱን አንድ ላይ አትክተቱ፣ አንዱን ስታቃኑ አራቱ ይፈዝዛሉ።

6.2. ሥሩን በወረንጦ ያዙና ሙሉ በሙሉ ንከሩት፣ ግማሹን ብቻ ብትነክሩ ሙቁና ቀዝቃዛው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይሰበራል። አንድ ሚሊሜትር የሚሆን ስስ ብሌድ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል።

6.3. እዛው ውሃው ውስጥ እያለ ጫፉን በቀስታ ነካ አድርጉት። እንደ ቆዳ ከለዘበ ደርሷል። ገና ከገተረ 10 ሰከንድ ጨምሩ። እንደ ክር ከተዝለፈለፈ በጣም ሞቋል፣ ውሃው ላይ ትንሽ ቀዝቃዛ ጨምሩ።

6.4. አውጥታችሁ ወዲያው መስታወቱ ላይ አስተኙት። ጣት በአንድ ቦታ አይጫን፣ ሌላውን መስታወት ከላይ አድርጋችሁ በመዳፍ ያዙት። የብሌዱ ሆድና ጀርባ እኩል ስላልሆነ ጨፍልቃችሁ አትጫኑት፣ የመስታወቱ የራሱ ክብደት ከትንሽ ጫና ጋር ይበቃል።

6.5. ሁለቱን መስታወት እንደያዛችሁ ቀዝቃዛው ሳህን ውስጥ ክተቱ። ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። አትቸኩሉ፣ ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ሙቅ ከሆነ ስትለቁት ይመለሳል።

6.6. መስመሩ ላይ አስቀምጡና እዩ። ካልተስተካከለ ድገሙ፣ ሦስት አራት ጊዜ መድገም ችግር የለውም። በአንድ ጊዜ ሁሉን ላቃና ማለት ነው ችግሩ።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። የእውነተኛው ሄሊኮፕተር ብሌድ ቆሞ እያለ ቀጥ ያለ አይደለም! በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ቀጥ የሚለው ሲሽከረከር ነው። ሞዴላችሁ መሬት ላይ የቆመ ከሆነ ይሄን መንጠልጠል አታጥፉት፣ እንዲያውም ካልነበረ ጨምሩበት። ልኩን ለማወቅ የዚያኑ ዓይነት ሄሊኮፕተር ከጎን የተነሳ ፎቶ ፈልጉ፣ ከመሃል እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመትና ጫፉ የወረደበትን ለኩና ለሞዴሉ በዚያው መጠን አውጡ። ጣውላ ላይ ያን ኩርባ ስላችሁ ቁረጡና አምስቱንም ብሌድ ተራ በተራ በዚያው አንድ ጣውላ ላይ አስራችሁ አቀዝቅዙ። በዓይን ግምት ከሠራችሁ አንዱ ይወርዳል አንዱ ይነሳል፣ ሞዴሉ ሲታይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እሱ ነው።

የፋብሪካ ጥመት ከሆነ በመቆንጠጫና በላስቲክ ጣውላው ላይ እንደታሰረ ሌሊቱን ይደር፣ ትንሽም ከሚፈለገው አልፋችሁ ወደ ተቃራኒው እሰሩት፣ ሲፈታ ጥቂት ይመለሳል።

*ሲበላሽ፦* ነጭ መስመር ካያችሁ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ እዛው አቁሙ፣ ቀጭን ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ አስነኩት ራሱ ይሰርጋል፣ አንድ ቀን ቆይታችሁ በትንሽ ማዕዘን ብቻ ቀጥሉ። በማግስቱ ተመልሶ ከጎበጠ ውሃው አንሷል ወይ ቶሎ ለቃችሁታል፣ 5 ዲግሪ ጨምራችሁ ድገሙ። የመቆንጠጫው ጥርስ ምልክት ካወጣበት በሚቀጥለው ዙር መሃል ላይ ወረቀት አድርጉ፣ ያሁኑን ግን ደግማችሁ ስታሞቁት አብዛኛው ይጠፋል።

7. የጅራት ቡምና አካሉ

ቡሙ (ጅራቱን የሚይዘው ረጅሙ ክፍል) ሙሉ ደንዳና ከሆነ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ የመጣ ከሆነ አንድ ሁለት ደቂቃ። ሁለቱን ግማሽ ለየብቻ አታቃኑ። አጋጥማችሁ ሦስት አራት ቦታ በስኮች ዙሪያውን እሰሩና አንድ ላይ አሙቁ፣ አንዱ ሌላውን ይመራዋል።

ቀጥ ማለቱን ለማየት አካሉ አፍንጫ ላይ ክር በስኮች ለጥፉና በመሃል ጀርባው ላይ እስከ ጅራቱ ጫፍ ወጥሩ። ክሩ ከመሃሉ መገጣጠሚያ መስመር ካፈነገጠ ቡሙ ወደዚያ ሄዷል። ጥምዛዜውን ደግሞ ከኋላ ቆማችሁ እዩ፣ የጅራቱ ቀጥ ያለ ክንፍ ከዋናው ሮተር (ብሌዶቹን ይዞ ከላይ የሚሽከረከረው) ዘንግ ጋር ትይዩ መሆን አለበት።

ጥመቱን ያያችሁት አካሉ ላይ መስታወት ወይ ፕላስቲክ ከተጣበቀ በኋላ ከሆነ ውሃ አይሆንም። የፀጉር ማድረቂያ ከ15 ሴንቲሜትር ርቀት እያንቀሳቀሳችሁ፣ ሌላውን ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ። ከውሃ ይልቅ ለመቆጣጠር ስለሚያስቸግር እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው የማደርገው።

8. የተሰበረ ክፍል

የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ለሬዚን አይሠራም። እሱ የሚያጣብቀው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው፣ ሬዚንን አያቀልጠውም። ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ብቻ።

ስብራቱን አትፈትጉት። ሻካራው ፊት ቁልፍ ነው፣ ሁለቱ እንደ ጥርስ ይነካከሳሉ። ብናኙን ብቻ አጥፉ። ብሌድ፣ የሮተር እጅ፣ የጅራት ሮተር ሲሆን በሙጫ ብቻ አይቆይም፣ ውስጡ ብረት ያስፈልጋል፦

ሀ. በ0.5 ሚሊሜትር ፑንታ በእጃችሁ እያዞራችሁ አንዱ ፊት መሃል ላይ 4 ሚሊሜትር ያህል ብሱ። ፑንታ ካጣችሁ የልብስ መርፌ ቀዳዳውን መሃል ላይ በፒንሳ ቁረጡት፣ የቀረው ሹካ መሳይ ጫፍ ሬዚን በደንብ ይበሳል። መርፌ በእሳት አግላችሁ አትብሱ፣ ጭሱን አስታውሱ።

ለ. ትንሽ የጊታር ክር አስገቡ፣ ጥቂት ብቻ ወጣ ይበል፣ ጫፉን የከንፈር ቀለም አስነኩና ሌላውን ፊት በትክክል ገጥማችሁ ጫን አድርጉ። ምልክቱ ያረፈበት ላይ ሁለተኛውን ብሱ።

ሐ. ሙጫ ሳታደርጉ ግጠሙና መስመሩ ላይ እዩ። ካልገጠመ አንዱን ቀዳዳ ጥቂት አስፉት።

መ. ለብሌድ ኢፖክሲ እመርጣለሁ፣ ለማስተካከል አምስት ደቂቃ ይሰጣል፣ ሱፐር ግሉ ጊዜ አይሰጥም። ቫዝሊን የተቀባ መስታወት ላይ አስተኝታችሁ ሌሊቱን ተዉት።

ከማጣበቃችሁ በፊት የትኛው ጠርዝ ፊት እንደሆነ ሁለቴ እዩ። ወፍራሙ ክብ ጠርዝ ነው አየሩን የሚቀድመው፣ ስሱ ከኋላ ነው። የሩሲያው ሄሊኮፕተር የኤምአይ-8 ዋና ሮተር ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ነው የሚዞረው፣ የአሜሪካው ዩኤች-1 ደግሞ በተቃራኒው። ርዝመቱንም አረጋግጡ፦ የኤምአይ-8 ሮተር ከጫፍ እስከ ጫፍ 21.29 ሜትር ነው፣ በ1/72 ስኬል (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ሞዴል) 29.6 ሴንቲሜትር ይመጣል። የዩኤች-1ኤች 14.63 ሜትር፣ በ1/72 ወደ 20.3 ሴንቲሜትር። ስብርባሪ ጠፍቶ ብሌዱ ካጠረ እዚህ ላይ ታውቁታላችሁ።

ጣት ከተጣበቀ አትጎትቱ፣ በሙቅ የሳሙና ውሃ ወይም በአሴቶን ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ዓይን ከነካ በለብታ ውሃ ብዙ እያፈሰሳችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ አሴቶን ዓይን አጠገብ አይድረስ።

9. የአየር ቀዳዳና የተሸረፈ ጠርዝ

ለጥቃቅን ቀዳዳ፦ በመርፌ ትንሽ አስፉት፣ ቤኪንግ ሶዳ ሙሉበት፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ። ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፣ ሲደርቅ ይሞቃል ይተናልም ስለዚህ ፊታችሁን አርቁ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ፈትጉት፣ ነገ ከተዋችሁት ከሬዚኑ በላይ ጠንክሮ ዙሪያው ተበልቶ እሱ ጉብ ብሎ ይቀራል።

ለተሸረፈ የብሌድ ጠርዝ ከታች በኩል ስኮች ለጥፉ፣ ስኮቹ ላይ ስስ ቫዝሊን ሽርፉ ባለበት ብቻ፣ ከዚያ በሶዳና በሱፐር ግሉ በሁለት ሦስት ስስ ድርብ ገንቡት። ሰፋ ያለ ጉድጓድ ከሆነ የመኪና ስቱኮ በደንብ ይይዛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው።

10. ስኪድ

የሬዚን ስኪድ (ሄሊኮፕተሩ መሬት ላይ የሚያርፍበት እግር) ቀጭን ነው፣ አካሉ ደግሞ ከባድ ነው። ብታቃኑትም በጥቂት ወራት ተመልሶ ይከፈታል። ስለዚህ አታቃኑት፣ በመዳብ ሽቦ ወይም በአግራፍ ቀይሩት። አሮጌውን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ በእርሳስ ዙሩት፣ ሽቦውን በዚያ ልክ እጠፉ፣ አካሉ ላይ 5 ሚሊሜትር ብሳችሁ በኢፖክሲ አስገቡ። አራቱም ጫፍ መስታወት ላይ እኩል ማረፉን እዩ ኢፖክሲው ሳይደርቅ።

11. ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት

የጠገናችሁትን ሁሉ ሁለት ቀን ሳትነኩት አቆዩ። የሚመለስ ጥመት ካለ በዚህ ጊዜ ይታያል፣ ከቀለም በኋላ ደግሞ ሙቅ ውሃ የለም። ከዚያ ስስ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋ መሠረት) ንፉ፣ ያላያችሁት ቀዳዳ ሁሉ ይወጣል፣ ወደ 9 ተመለሱ።

ያለቀውን ሞዴል ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ። በአውቶቡስ ስትልኩ ብሌዶቹን ፈታችሁ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል በላስቲክ እሰሯቸው፣ የሚመጣ ሰው ካለ በእጁ ይያዘው፣ ከሌለ ረዳቱን ከሞተሩ ርቆ ከወንበር ሥር እንዲያስቀምጠው ንገሩት።